የጮቄን ጌታ ያየሁበት ክረምት

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ስመለስ የአውቶቡሳችን ጎማ ሉማሜ ላይ ፈነዳ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ተሳፋሪው እየተጋፋ መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ሻይ ቤት ገባ፤ እኔም ዱላዬን ይዤ ተከተልኩ። አሳላፊዋ ልጅ ሻዩን ፊቴ አስቀምጣ ዞር ስትል እንፋሎቱ አፍንጫዬ ገባና ያነሳሁትን ማንኪያ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ምን ጨምረሽበት ነው ልጄ?"

"ጦስኝ ነው እማማ። ከጮቄ ተራራ ያመጡልናል። ካልተስማማዎት በባዶው ልቀይርልዎ?"

"ተይው፣ ተይው" አልኳት። ዓይኔ ውሃ መሙላቱን አይታ ነው መሰለኝ እየተመላለሰች ታየኝ ነበር። ጠጥቼ ስጨርስ ሌላ አስደገምኩ። ዝናቡ ሲያባራ በሩ ላይ ቆሜ ወደ ሰሜን ተመለከትኩ። ጮቄ እንደ ልማዱ ተከናንቦ አይታይም። ከጉሙ ኋላ መኖሩን ግን አውቃለሁ፤ በልጅ እግሬ ዞሬዋለሁ።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው። እኔ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ልክ የሚያውቅልኝ ሰው አልነበረም። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ጨሞጋ ወንዝ ገና ልጅ እያለ ከሚዘልበት ቁልቁለት አጠገብ ነው። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ከገባ ቆይቷል። በበጋው ባንዶች ሊይዙት መጥተው ሲያጡት በቅሏችንን ነዱ፤ የጠላ ጋናችንን በሰደፍ አፈረሱ፤ ያገኙትን ማሰሮ ሁሉ ሰባበሩ። እማዬ እርጉዝ ነበረች። እነሱ ከሄዱ በኋላ ቁጢጥ ብላ ገሉን እየለቀመች "ባንዳ ሰው አይደለም" አለች።

እኔ ቃሏን እንዳለ ነው የወሰድኩት። ሰው ካልሆኑ ታዲያ ምን እንደሆኑ ግን ጨነቀኝ። እግር አላቸው፤ ኮት ለብሰዋል፤ እንዲያውም አንደኛው ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ ነበር። ሰው ያልሆነ ነገር እንዴት ጉንፋን ይይዘዋል እያልኩ ብዙ ቀን አሰብኩ።

የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለው በዚያው ሰሞን ነው። ቄሱ ታቦቱን አድነው ጮቄን ተሻግረው፣ በመርጡለ ማርያም በኩል በሚገኝ አንድ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሣር ጎጆ ቀልሰው እየቀደሱ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገረውም።

ወንድሜ ክረምቱ ሲገባ ተወለደ። ከሲታ ነበር፤ ሲያለቅስ እንኳ ድምፁ ከእቅፍ አያልፍም። እማዬ ሌሊት ሌሊት እጇን አፍንጫው ላይ አድርጋ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ከኔ በኋላ የወለደችው ልጅ አርባው ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳይነሳ ነበር የሞተባት። ፍትሐት አልተደረገለትም፤ የተቀበረውም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከአንዲት ወይራ ሥር ነው። ውሃ ልንቀዳ በዚያ ስናልፍ እማዬ ሁልጊዜ እንስራዋን በወይራዋ በኩል ወዳለው ትከሻዋ ታዞረው ነበር። እንዳታያት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የዚህኛው አርባ የሚውለው በፍልሰታ ጾም መሃል ነው። ከተማ ቢወስዱት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ግን ከከተማው በር ላይ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ የቆሙት ደግሞ የማን ሚስት እንደሆነች በመልኳ ያውቋታል። ስለዚህ እማዬ ልጁን ጮቄን አሻግራ ቄሱ ዘንድ ክርስትና ልታስነሳው አስባ የአጎቷን የአያ ካሴን ቤት አንኳኳች።

አያ ካሴ በጎልማሳነታቸው አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭነው ጮቄን እየተሻገሩ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። አሁን አርጅተዋል። ረጅም ናቸው፤ ከዝናብ የሚከላከሉበትን የሣር ገሳ ሲደርቡ የሚሄድ ጎጆ ይመስላሉ። ደግሞም ሲበዛ ነገረኛ ናቸው።

"ዘነቡ፣ እውነት ቆርጠሻል?" አሏት።

"ቆርጫለሁ አያ።"

"ጮቄ በነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንኳንም አላወቅሽ፤ ብታውቂ እኔ ቤት አትመጪም ነበር" ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጡት። "አራስ ነሽ። ብርዱ ወተትሽን ቢያደርቀውስ? ልጁን መንገድ ላይ ብናጣውስ?"

"ቤት ቁጭ ብዬስ ባጣው?" አለች እማዬ። "ያኛውን ቁጭ ብዬ ነው ያጣሁት።"

አያ ካሴ ገሳቸውን ከግድግዳው ላይ አወረዱ።

እኔን የሚያስቀምጡበት ዘመድ ስላልነበረ አብሬ ሄድኩ። ሥራም ተሰጠኝ። ባንዶቹ አንገቷን ከሰበሯት አንዲት ማሰሮ ውስጥ አመድ ተነጠፈ፤ በላዩ ፍም፤ በፍሙ ላይ ኩበት። ማሰሮዋን በገመድ አንጠልጥዬ እሳቱ እንዳይሞት መጠበቅ የኔ ድርሻ ሆነ። "በክረምት ጮቄ ላይ እሳት የሚያያይዝ የለም፤ ይዞት የወጣ ብቻ ነው የሚሞቀው" አሉኝ አያ ካሴ። "እሳቱ ከጠፋ ወንድምሽ በምን ይሞቃል?" ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወንድሜ ማሰሮዋ ውስጥ ያለ ያህል ነበር የምጠነቀቀው። እማዬ ልጁን በአንቀልባ አዘለች፤ አያ ካሴ የበሶውን ስልቻና ከበግ ፀጉር የተሠራች አንዲት ወፍራም ባና ተሸከሙ። ጎህ ሲቀድ ወጣን።

መጀመሪያ የገብስ ማሳ ነው። ከዚያ ማሳው እየሳሳ፣ ቤቱ እየራቀ ይሄዳል። ጨሞጋ ከጎናችን እየጮኸ ይወርዳል፤ እኛ እንወጣለን። ጭቃው እግሬን ይዞ አልለቅም ይለኛል። ቀትር ላይ የመጨረሻውን ጎጆ አልፈን የአስታ ጫካ ደረስን። እንደዚያ ያለ ጫካ አይቼ አላውቅም ነበር። ዛፎቹ ሁሉ ጠማማ ናቸው፤ ከየቅርንጫፉ አረንጓዴ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ ሽበቱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ነፋስ የለም፤ ወፍ የለም። ዓለም ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ዝምታ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

አያ ካሴ ከጫካው አፍ ላይ ቆመው የራሳቸውን ጥምጥም አወለቁ። ወደ ጉሙ እጅ ነሱና እንዲህ አሉ፦

"ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ካሴ ነኝ፤ የጨው ነጋዴው። ዛሬ ጨው አልያዝኩም። አራስና ሕፃን ይዘን ነው፤ ያሳልፉን።"

"ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?" አለች እማዬ ወደ ኋላ እያየች።

"ከባለቤቱ ጋር።"

እማዬ አማተበች። "የተራራው ባለቤት እግዚአብሔር ነው፤ ምን ነካዎት?"

"እሱማ የሁሉም ባለቤት ነው። ሰው ደጅ ስትደርሺ ግን ሰላምታ አትሰጪም?" ብለው ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ።

ይህን ሰምቼ ተራራው ላይ አንድ ትልቅ ጌታ እንደሚኖር አወቅኩ። ማወቅ ነው የምለው፤ ጥርጥር አልነበረኝም። እንደ አያ ካሴ ያለ ማንንም የማይፈራ ሽማግሌ ጥምጥሙን ያወለቀለት ሰው እንዴት ያለ ይሆን? በቅሎው እንዴት ያለች ትሆን? ቤቱስ? ጉሙ ገለጥ ባለ ቁጥር ዓይኔን እየጣልኩ ፈለግሁት። ሰላምታዋንም እንዳልረሳት በልቤ አጠናኋት።

ያን ማታ ዋሻ አገኘን፤ የድሮ ነጋዴዎች ማደሪያ ነው፤ ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል። አያ ካሴ ከዋሻው በር ላይ ጦስኝ ነጭተው ፍሙ ላይ ጣሉበት። ሽታው ዋሻውን ሞላው። እማዬ ወንድሜን ከባናው ውስጥ አውጥታ እግሩን ወደ ማሰሮዋ ዘረጋችለት፤ ጣቶቹ ቀስ ብለው ሲፈቱ አየሁ። ለእሳቴ እጅ ሲነሳ መሰለኝና ኮራሁ።

በማግስቱ ከጫካው ወጣን። ከዚያ በላይ ዛፍ የለም፤ ጓሳ ሣር ብቻ ነው፤ ከወገቤ በላይ ይደርሳል፤ ውሃ አርግዞ ይተኛል። ከእግራችን ሥር በየቦታው ውሃ ያወራል። ድንጋይ ብታነሱ ውሃ ነው፤ ሣር ብትገልጡ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ አገር መኖሩን ማንም አልነገረኝም ነበር።

"ይሄ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ዓባይ ይገባል። ከዚያ ግብፅ ይወርዳል።"

ጭቃ የጠጣውን እግሬን ምንጩ ውስጥ ነክሬ ቆምኩና "እንግዲያ ግብፆች የኔን የትርንጎን እግር እጣቢ ይጠጣሉ?" አልኩ።

"ይጠጣሉ እንጂ። ጣፈጠን ብለውም ይመርቁሻል" አሉኝ። እማዬ ከተነሳን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ስትስቅ ጀርባዋ ላይ ወንድሜ አብሮ ሲነቃነቅ አየሁት፤ ልቤ ሞቀ።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። አያ ካሴ ጮኸው አንድ ቋጥኝ ሥር ሰበሰቡን፤ ገሳቸውን በእማዬና በልጁ ላይ አለበሱ። እኔ ማሰሮዬን ሆዴ ሥር አድርጌ ተኮራመትኩባት። በረዶው ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ሲያቆም ቀና ብዬ አየሁ። ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል! ቁልቁለቱ፣ ዳገቱ፣ ሣሩ፣ ዓይኔ እስከሚደርስበት ድረስ ነጭ ነው፤ በመሃሉ ደመናውን የሰበረ ፀሐይ ወጥቶ ያብረቀርቃል። እኔ ወዲያው ጨው መስሎኝ፣ አያ ካሴ በስንት ዘመን ንግዳቸው ያፈሰሱት ሁሉ ይሄ ነው ብዬ አፍሼ ቀመስኩ። ምላሴን እሳት እንደነካው አቃጠለኝ። እማዬ ወንድሜን ከገሳው ውስጥ አወጣችና ፊቱን ወደዚያ ነጭ ምድር መለሰችለት። "እይ" አለችው። "እይ የኔ ጌታ፣ ምን ያልታየ አገር መጣህ።" ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ያይ ነበር። እሳቴ አልሞተም ነበር።

ከተራራው አናት ሥር መሻገሪያው አለ፤ ነጋዴዎች "በሩ" ይሉታል። እዚያ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ክምር አለ። ያን በር የተሻገረ ሁሉ አንዳንድ ድንጋይ አስቀምጦ ነው የሚያልፈው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አያ ካሴም አያውቁም። ለራሳቸው አንድ አስቀመጡ። ለእማዬ አንድ፤ ለኔ አንድ። እማዬ ጎንበስ ብላ አንዲት ትንሽ ክብ ድንጋይ አነሳች።

"ለእሱ አይሆንም" አሉ አያ ካሴ።

"ለምን?"

"ስም የለውማ። ክርስትና አልተነሳ። ድንጋዩ የሚቀመጠው ስም ላለው ሰው ነው ዘነቡ፤ ሥርዓቱ ነው፤ እኔ አላመጣሁት።"

እማዬ ድንጋይዋን ይዛ ቆመች። ያን ጊዜ ፊቷን ባላይ ይሻለኝ ነበር፤ ወይራዋን ስናልፍ በእንስራዋ የምትጋርደው ፊት ነው። "ስንመለስ አስቀምጣለሁ" አለችና ድንጋይዋን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ መለሰቻት።

"በዚህ አንመለስም። ሰብአ ሰገል በመጡበት መንገድ ተመለሱ እንዴ? ስንሄድ ያየን ሰው ስንመለስ ይጠብቀናል። ዙረን በሙጋ ወንዝ ራስጌ ነው የምንወጣው፤ እዚያም በር አለ፤ እዚያም ክምር አለ" አሉ አያ ካሴ።

ከበሩ ወዲያ ጉሙ እንደገና ዋጠን። ቦታው የጅብራ ሜዳ ነበር። ጅብራ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ግንዱ ቀጥ ብሎ ከሰው በላይ ይቆማል፤ አናቱ ላይ ጎፈሬ የመሰለ ቅጠል ይይዛል። በጉም ውስጥ ስታዩት ሰው ነው። መቶ ይሁን ሁለት መቶ አላውቅም፣ ዝም ብለው ቆመው ያዩናል። የጌታው አሽከሮች መሆናቸውን ወዲያው አወቅሁ፤ ስለዚህ ጌታው ራሱ ሩቅ አይደለም። እማዬ ልጁን ልታጠባ ከቋጥኝ ጀርባ ተቀመጠች፤ አያ ካሴ መንገዱን ሊያዩ ትንሽ ወረድ አሉ። እኔ ከአንዱ ጅብራ ሥር ቁጢጥ ብዬ እሳቴን እፍ እል ጀመር።

ጉሙ ተገለጠ። እንደ መጋረጃ ሳይሆን በአንድ ጊዜ፣ ሰው ክዳን እንደሚያነሳ ነው። ከፊቴ፣ ከአሥር እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ ትልቅ በቅሎ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ፊቱ ቀይ ነው። ራሱ ላይ እንደ ድስት የከበደ ቆብ አድርጓል። ጫማው እስከ ጉልበቱ ይደርሳል። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል።

አልፈራሁም። የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ይኸው ነው፤ ደስ አለኝ እንጂ አልፈራሁም። ማሰሮዬን አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀረብኩና መሬት እስክነካ ድረስ እጅ ነሳሁ።

"ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። አራስና ሕፃን ይዘን ነው፤ ያሳልፉን።"

ሰውየው ወደ ኋላው ዞሮ በማላውቀው ቋንቋ ተናገረ። በዚያ ዕድሜዬ የማይገባኝ ቋንቋ ሁሉ ግዕዝ ነበር። በግዕዝ የሚናገር ጌታ! እንደገና ጎነበስኩ። ቀና ስል እማዬ ከቋጥኙ ጀርባ ወጥታ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ከታች አያ ካሴ ሲያለከልኩ መጡና ከፊቷ ቆሙ።

ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ ወደ ፊት ወጣ። ኮቱን አየሁት፤ ቤታችን የመጡትም እንዲህ ያለ ኮት ነበራቸው። ባንዳ ነው። አነጋገሩ ግን የኛው ሰፈር ሰው ነው።

"ከየት ናችሁ?"

"ከታች ከጨሞጋ" አሉ አያ ካሴ።

"ባሏ የት ነው?"

"የለም። አባቷ እኔ ነኝ።"

ባንዳው እማዬን አያት። ከዚያ ልጁን አየ። "ስንት ቀኑ ነው?"

"ነገ አርባው ነው" አለች እማዬ።

"የት ልትወስጂው?"

እማዬ ከተናገረች ታቦቱ ያለበትን ሸለቆ ማሳየቷ ነው፤ ካልተናገረች ደግሞ ይወስዱናል። ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። በቅሎ ላይ ያለው ሰው አንድ ነገር ጮኾ አለ። ባንዳው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ "ተነሱ ይላል። ወደ ማርቆስ ነው" አለ።

"ነገ አርባው ነው" አለች እማዬ እንደገና። ሌላ ቃል አልነበራትም።

ያን ጊዜ ነው ጧ! ያለው።

ከታች ነው። ወዲያው ከቀኝ በኩል ጧ! ከግራ ጧ፣ ጧ! ከኋላችን ካለው ገደል፣ ከላይ ከአናቱ፣ ተራራው ሁሉ ተኮሰ። በቅሎዋ ደነበረች፤ ቀዩ ሰው ዘሎ ወረደ፤ ጠመንጃ የያዙት ሣር ላይ ተደፉ። ጅብራዎቹ ብቻ ቆመው ቀሩ።

እኔ ድምፁን አውቄዋለሁ። የጎጃም ልጅ ሆኖ የማያውቀው ማን ነው? ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ቡሄ እስኪያልፍ ድረስ የወንዶቹ ሁሉ ሥራ ያ ነው። የቡሄ ጅራፍ ነው! ጌታው ስላልገባው ላስረዳው፣ እንዳይፈራም ልነግረው እየሳቅሁ አፌን ከፈትኩ።

ባንዳው አየኝ። ሣሩ ላይ ተደፍቶ፣ አገጩ መሬት ነክቶ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። እንደሚያውቅ አወቅኩ። እሱም ማወቄን አወቀ። ራሱን በጣም በትንሹ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ነቀነቀው። አፌን ዘጋሁ።

ቀዩ ሰው በዚያ ቋንቋ ጮኾ ጠየቀው። ባንዳው ተነስቶ እየተጎነበሰ ሄደና በዚያው ቋንቋ መለሰለት፤ እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋ፣ ወደ ግራ ዘረጋ፣ ወደ ላይ አመለከተ፣ ጣቶቹን ከፍቶ ደጋግሞ አሳየ። እንደገና ጧ! አለ፤ ገደሉም ሁሉ ተቀበለው። ቀዩ ሰው ሌላ አልጠየቀም። በቅሎዋን እየጎተተ፣ የቀሩት እየተጋፉ ወደ መጡበት ተመለሱ። ባንዳው መጨረሻ ላይ ነው ያለፈው። በእማዬ አጠገብ ሲያልፍ ሳይቆም፣ ሳያያት፣ "ቶሎ ውረዱ፤ ብርድ ነው ለልጁ" አለ። ጉሙም ዘጋው።

አያ ካሴ መሬት ላይ ተቀምጠው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እማዬ አልሳቀችም።

"ያ ሰውዬ የኛ አገር ሰው ነው" አለች ቆይታ። "ጅራፍ ሳያውቅ ቀርቶ ነው?"

"አሳምሮ ያውቃል እንጂ።"

እማዬ ልጁን አዘለችና ቁልቁል ጀመርን። ብዙም ሳንወርድ ባለ ጅራፎቹን አገኘናቸው፤ ሦስት ልጆች ናቸው፤ ለምድ የለበሱ፣ በዝናብ የበሰበሱ፣ በግ የሚጠብቁ። ሦስት ብቻ! የቀረውን ጦር ሁሉ የሠራው ገደሉ ነው። እማዬ የያዝነውን በሶ ግማሹን ሰጠቻቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተቀበሏት።

"ጌታውን አየሁት" አልኳቸው አያ ካሴን በጆሯቸው።

"ያማ ጣሊያን ነው ልጄ።"

"እንግዲያ ጌታው የት ነው?"

አያ ካሴ ቆም ብለው ወደ ላይ አዩ፤ እኔም አየሁ። በጉሙ መሃል የተራራው አናት ብቻውን ወጥቶ፣ ነጭ በረዶውን ለብሶ፣ ፀሐይ መትቶት ነበር። የሦስት ልጆች ጅራፍ ወስዶ ጦር አድርጎ የመለሰው እሱ ነው። ማንም ሳይነግረኝ እጅ ነሳሁ።

ቄሱ ታቦቱን ያስቀመጡባት ጎጆ ከሸለቆው ግርጌ፣ ከፏፏቴ አጠገብ ነበረች። በማግስቱ ማለዳ ወንድሜ በጮቄ ውሃ ተጠመቀ፤ አያ ካሴ የክርስትና አባት ሆነው አቀፉት። ውሃው ሲነካው እንዴት እንደጮኸ! ያ ከእቅፍ የማያልፍ ድምፅ ሸለቆውን ሞላው፤ ገደሉም መልሶ ጮኸለት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስመ ክርስትናው ወልደ ማርያም ተባለ። እማዬ እየደጋገመች "ወልደ ማርያም፣ ወልደ ማርያም" ትል ነበር፤ እንዳይጠፋባት የምትቆልፈው ይመስል።

ስንመለስ አያ ካሴ እንዳሉት ዙረን በሙጋ ራስጌ ወጣን። የዚያን ጠዋት ያየሁትን ዛሬም መናገር ያቅተኛል። ጉሙ ከእግራችን በታች ቀርቶ እኛ ከላይ ነበርን። ከታች ያለው ዓለም፣ ማርቆስም ኬላውም የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያናችንም፣ በነጭ ባና ተሸፍኖ ተኝቷል። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ ጉሙ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ አንድ ሰማያዊ ጨለማ ታየ፤ "ያ የዓባይ በረሃ ነው" አሉኝ።

በሩ ላይ እውነትም ሌላ የድንጋይ ክምር አለ። አያ ካሴ ድንጋይ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ እማዬ "ዛሬ እኔ ነኝ የማስቀምጠው" አለች። ለአያ ካሴ አንድ አስቀመጠች። ለራሷ አንድ። ለኔ አንድ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ክብ ድንጋይ መርጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ፣ "ወልደ ማርያም" ብላ ከሁሉ በላይ አስቀመጠቻት። እጇን ከድንጋይዋ ላይ ቶሎ አላነሳችም።

የጨረሰች መስሎኝ ማሰሮዬን አነሳሁ። እማዬ ግን እንደገና ጎነበሰች። አንድ ከበድ ያለ ድንጋይ ከሣሩ ውስጥ ነቅላ ጭቃውን ጠረገችና ከወንድሜ ድንጋይ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ይሄስ የማን ነው?" አልኳት።

"የዚያ ሰውዬ።"

ክምሩን አየሁ፤ እሷን አየሁ። በበጋው ገሉን እየለቀመች "ባንዳ ሰው አይደለም" ያለችው ትዝ አለኝ። "ድንጋዩ ስም ላለው ሰው ነው ተብሏል እኮ" አልኳት። "ስሙን አታውቂውም።"

"ያወጣለት ያውቀዋል" አለች እማዬ። አያ ካሴ ሥርዓቱ አይደለም ይላሉ ብዬ ዞሬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጥምጥማቸውን አውልቀው ቆመው ነበር።